ቀጥ ያለ፣ ሰያፍ ወይስ ዳይመንድ? ለእጀታና ለመጋጠሚያ የሚሆን የነርል ጥርስ አመራረጥ

ባለፈው ክረምት አንዲት የወፍጮ ቤት ባለቤት ጎንደር አዘዞ ያለው ቶርኖ ቤታችን ድረስ መጡ። የወፍጮውን ድንጋይ የሚያጠብቁበትና የሚያላሉበት እጀታ ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። «ልጄ፣ ዱቄት የነካው እጅ እንዳያንሸራትት አድርገህ ሥራልኝ» አሉኝ። እኔም በጣም የምወደውን ነርል፣ ማለት እጅ እንዲይዝ ብረት ላይ የሚታተመውን ጥርስ፣ መረጥኩ። ረቂቅ ዳይመንድ፣ ሰያፍ መስመሮች የተቆራረጡበት፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የገባ፣ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ። እትዬም ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አይተው መረቁኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ። እጀታውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር ያመጡት፤ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እያንዳንዷ ጉድጓድ በጤፍ ዱቄት ተሞልታለች። የክረምቱ እርጥበት ዱቄቱን ሊጥ አድርጎታል፤ ሊጡም ደርቆ እንደ ጀሶ ተለስኗል። በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ጥርስ የሚባል ነገር የለም። አንዷን ጉድጓድ በሚስማር ጫፍ ስፍቃት ነጭ ፍርፋሪ ወጣ፤ ከሥሩ የሠራኋት ጉድጓድ እንዳለች አለች።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ በቀጥታ መስመር እንደገና ሠራሁላቸው። በመስመሮቹ መካከል 1.6 ሚሊሜትር ተውኩ። አሁን በብሩሽ አንዴ ሽር ሲያደርጉት ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ነርል የሚያሠራ ሰው ሲመጣ «የትኛውን ትፈልጋለህ?» ብዬ አልጀምርም። «ምን ሊያደርግልህ ነው?» ነው የምለው። ይህን የምጽፈው ለሚያሠሩም ለሚሠሩም ነው። አብዛኛው ሰው ዳይመንድ ካልሆነ ነርል አይመስለውም። ዳይመንድ ግን ለሁሉም አይሆንም።

ጉልበቱ በየት በኩል ይመጣል?

ነርል የምንለው በቶርኖ የተሠራ ክብ ብረት ላይ፣ ጠንካራ ጥርስ ያለው ትንሽ ሮለር ተጭኖ የሚያወጣውን መስመር ነው። የማይክሮሜትር እጀታ፣ የካቻቢቴ አንገት፣ የክብደት ማንሻ ዘንግ ላይ የምታዩት እሱ ነው።

ምርጫው ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ነገር ነው። መስመር የሚያስቆመው አቋርጦት የሚሄደውን ጉልበት ነው። አብሮት የሚሄደውን አያስቆምም። የቆርቆሮ ክዳን ላይ እጃችሁን በመስመሩ አቅጣጫ ብታስኬዱት ሽር ይላል። አቋርጣችሁ ብትጎትቱት ደግሞ ቋ ቋ ቋ እያለ ይይዛችኋል። ብረትም ያው ነው።

ስለዚህ ዕቃው የሚሽከረከር ነው ወይስ የሚሳብ? የወፍጮ እጀታ ይጠመዘዛል እንጂ አይሳብም። የመሳቢያ እጀታ ይሳባል እንጂ አይጠመዘዝም። የብረት ዘንግ ሁለቱም ይደርስበታል። ይህን ከመለሳችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቀጥ ያለ መስመር

መስመሩ በዕቃው ርዝመት አቅጣጫ ይሄዳል። ለሚጠመዘዝ ነገር የሚተካከለው የለም። ሲቆሽሽ በአንድ አቅጣጫ ይጠረጋል። እጅም አያቆስልም። ቀኑን ሙሉ ለሚነካካ ማስተካከያ ሁሉ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ድክመቱ ሲሳብ መንሸራተቱ ነው፤ ዘይት በነካው እጅ ደግሞ ይብሳል።

ቀጥታ መስመር ከእጅ ይልቅ የሚያስፈልግበት ሌላ ቦታ አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እሱን ነው። አንድን ብረት ሌላ ነገር ውስጥ ገፍቶ ለማጣበቅ።

ጎንደር የአቋቋም አገር ናት። በአታ ቤተ ክርስቲያን ለመማር ከየአገሩ የሚመጣው ብዙ ነው። መቋሚያ ይዞ ወደኛ የሚመጣ ተማሪም አይጠፋም። የነሐሱ ራስ ከእንጨቱ ላይ ላልቶ ይዞርበታል። ዝማሜ ላይ ቆሞ መቋሚያው እጁ ውስጥ ሲዞርበት ምን እንደሚሰማው አስቡት። መጀመሪያ የመጣልኝን መቋሚያ የሠራሁት በዳይመንድ ነበር። ራሱ ላይ እንጨቱ ውስጥ የሚገባ ጭራ አወጣሁለት፣ ዳይመንድ መታሁበት፣ በመዶሻ ገፋሁት። ሲገባ ጥብቅ ብሎ ነበር። ወር አልቆየም፣ ተነቀለ።

እንጨቱን ሰንጥቄ ሳየው ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ዳይመንድ ሲገፋ የፊተኛው ጥርስ እንጨቱን ይቀዳል። የኋለኛው ጥርስ የሚመጣው በዚያ መንገድ ሳይሆን በአጠገቡ ነው። ስለዚህ የተረፈውንም ይቀዳዋል። ጭራው እስኪገባ ድረስ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ውስጡ የቀረው የእንጨት ዱቄት ብቻ ነው። ቀጥታ መስመር ግን እንደዚያ አይደለም። የፊተኛው ጫፍ የከፈተውን ቦይ የኋለኛው ተከትሎት ይገባል። በየጥርሱ መካከል ያለው እንጨት ሳይነካ ይቀራል። ራሱ እንዳይዞር የሚይዘውም ያ ያልተነካው እንጨት ነው።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ጭራውን 8 ሚሊሜትር አወጣለሁ። 0.8 ፒች ያለው፣ ማለት ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.8 ሚሊሜትር የሚርቅ፣ ቀጥታ ነርል ስመታበት ጫፉ ወደ 8.4 ገደማ ያብጣል። እንጨቱን በ8 እበሳዋለሁ። ጭራው ወገብ ላይ ዙሪያውን አንድ የቀለበት ቦይ አወጣለሁ፤ እዚያ ማጣበቂያ ይገባል። ጥርሱ መዞርን፣ ቦዩ መሳብን ይከለክላል። በዚህ መንገድ ከሠራሁት እስካሁን ተነቅሎ የተመለሰ የለም።

ዳይመንድ ለመጋጠሚያ ጨርሶ አይሆንም ማለቴ አይደለም። ብረቱ ተገፍቶ የሚገባ ሳይሆን ሌላው ነገር ቀልጦ ወይም ፈሶ የሚከበው ከሆነ ዳይመንድ ይሻላል። ፕላስቲክ ውስጥ ተቀብረው የምታገኟቸው ትንንሽ የነሐስ ዳዶዎች ብዙዎቹ ዳይመንድ የሆኑት ለዚህ ነው። ፕላስቲኩ በየጉድጓዱ ገብቶ ሲደርቅ በዙሪያም በርዝመትም ይይዛል።

የጠርዝ ምልክት ለእጅ ብቻም አልነበረም። አያቶቻችን የሚገበያዩበትን ጠገራ ብር፣ የማርያ ቴሬዛን ማለቴ ነው፣ ጠርዙን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ዙሪያውን በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሕፈትና ጌጥ አለበት። ብሩ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ጠርዙ ልሙጥ ቢሆን ኖሮ አጭበርባሪ በሞረድ ትንሽ ትንሽ ብር እየፋቀ ይወስድ ነበር። ጽሕፈቱ ሲጎድል ግን ወዲያው ይታወቃል። አንድ ቀን ቢያጋጥማችሁ ጠርዙን በጥፍራችሁ ዳስሱት።

ዳይመንድ

የግራና የቀኝ ሰያፍ መስመሮች ሲቆራረጡ ዳይመንድ ይወጣል። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ መስመር ከዕቃው ርዝመት 30 ዲግሪ ያዘነብላል። እናም ሁለቱ ሲገናኙ 60 ዲግሪ ይሆናሉ። አስተውላችሁ ብታዩት ዳይመንዱ እኩል ካሬ አይደለም። በርዝመት የተሳበ ነው፤ ቁመቱ የወርዱን 1.73 እጥፍ ነው።

ይህ ለዓይን ብቻ የሚታይ ልዩነት አይደለም። መስመሩ ወደ ርዝመት ስለሚያዘነብል ዳይመንድም ቢሆን መዞርን የሚይዘው መሳብን ከሚይዘው በላይ ነው። በሁሉም በኩል እኩል ይይዛል የሚባለው ልክ አይደለም። ሁለቱንም ይይዛል፣ ግን ወደ መዞር ያደላል።

ዳይመንድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ስታዝዙ የትኛውን እንደሆነ ካልነገራችሁ ሠሪው የመጣለትን ይሠራል። አንደኛው ጫፉ ወደ ውጭ የወጣ ነው። ትንንሽ ፒራሚዶች በመሐላቸው ቦይ እያለ ይቆማሉ። ቆሻሻው በቦዩ መውጫ አለው፤ በብሩሽ ይጠራል። ሁለተኛው የወፍጮ ቤቷ ዓይነት ነው። ፒራሚዱ ተገልብጦ ጉድጓድ ይሆናል፣ በመሐሉ ያለው መስመር ደግሞ ወደ ላይ ይቆማል። ለእጅ ለስላሳ ነው፣ ያምራል። ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ዝግ ነው። የገባበት ነገር መውጫ የለውም። ዱቄት፣ ሊጥ፣ ቅባት፣ አቧራ ባለበት ቦታ አታሠሩት። ለካሜራ፣ ለመለኪያ ዕቃ፣ ለጌጥ ይሁን። አሠራሩም ይለያል። ወደ ውጭ የወጣውን በግራና በቀኝ ሁለት ሮለር ረጅም ብረት ላይ እየነዱ ማውጣት ይቻላል። ጉድጓዱ ግን ሮለሩ ራሱ ፒራሚድ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ብቻ ነው የሚወጣው። ከሮለሩ ስፋት የረዘመ እጀታ በዚህ አይሠራም።

ዳይመንድ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው የክብደት ማንሻ ዘንግ ነው። ከተማው ውስጥ ጂም እየበዛ ነው፤ ዘንግ የሚያሠሩ ወጣቶችም ይመጣሉ። መጠኑን ይዛችሁ ኑ። የውድድር ዘንግ ለወንድ 28 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 2.2 ሜትር ርዝመት፣ 20 ኪሎ ነው። ለሴት 25 ሚሊሜትር፣ 2.01 ሜትር፣ 15 ኪሎ። ተራ ብረት ለዚህ አይሆንም፤ ነርሉ ምንም ቢያምር ዘንጉ ይጎብጣል።

ብዙዎቹ «ሹል ይሁን፣ ይንከስ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ፒራሚዱ እስከ ጫፉ ከሾለ በሁለተኛው ሳምንት መዳፍ ይላጣል። የተላጠ መዳፍ ደግሞ አጥብቆ አይዝም። ሮለሩን ሙሉ በሙሉ ሳልጫን አቆመዋለሁ። ያኔ የየፒራሚዱ አናት ትንሽ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል፣ ጠርዙ ግን ይይዛል። አልፎ ሾሎ ከተገኘ በደቃቅ ሸራ ወረቀት አንድ ሁለቴ አሽከርክሬ እነካዋለሁ። አንገት ላይ የሚያርፈው መሐለኛው ክፍል ከጎኖቹ የለዘበ መሆን አለበት። የሴቶቹ የውድድር ዘንግ መሐሉ ላይ ነርል ጭራሽ የለውም።

ሌሎቹ

ሰያፍ ብቻውን፣ ማለት በአንድ በኩል ያዘነበለ፣ ብዙ አያስፈልግም። በአንድ አቅጣጫ ሲጠመዘዝ እጅን ወደ ዕቃው ይገፋል፣ በሌላው ያርቃል። ለመልክ ካልሆነ አልመርጠውም። በርዝመትና በዙሪያ የሚቆራረጠው ካሬ ጥሩ ነው፣ ግን ሮለሩ በገበያ አይገኝም ማለት ይቻላል። የቀለበት ቦይ መዞርን አይይዝም፤ ለሚሳብ ግን ፍጹም ነው። የፌሮ ጉብታም ያው ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ ሲሳብ እንዳይንሸራተት አግድም የቆመ።

ፒቹ ስንት ይሁን?

ፒች ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ዲአይኤን 82 የሚባለው የጀርመን ደረጃ 0.5፣ 0.6፣ 0.8፣ 1.0፣ 1.2 እና 1.6 ሚሊሜትር ይላል። በኢንች የሚመጡት ሮለሮች ደግሞ በጥርስ ቁጥር ይጠራሉ። 14 ጥርስ በኢንች ሸካራ ነው፣ ወደ 1.8 ሚሊሜትር። 21ዱ መካከለኛ፣ ወደ 1.2። 33ቱ ረቂቅ፣ ወደ 0.77።

የጥርሱ ማዕዘን አብዛኛውን ጊዜ 90 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሙሉ ጥልቀቱ የፒቹ ግማሽ ይሆናል። 1.0 ፒች ማለት ግማሽ ሚሊሜትር ጥልቀት ነው። ጣት ጫፍ ለሚነካው ትንሽ ነገር ከ0.5 እስከ 0.8 እጠቀማለሁ። መዳፍ ሙሉ ለሚይዘው ከ1.0 በላይ። ጭቃ፣ ዱቄት ወይም ጓንት ካለ 1.6። ቀጭን ብረት ላይ ሸካራ ጥርስ አታሠሩ፤ ብረቱ ይጎብጣል፣ መልኩም ይከፋል።

ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው

ሮለሩ ብረቱን ሲዞር፣ ሙሉ ዙር ጨርሶ ሲመለስ ጥርሱ የመጀመሪያው ጥርስ ባወጣው ቦይ ላይ ልክ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ በመሐል አዲስ ቦይ ያወጣል። ያኔ ጥርሱ ድርብ ይሆናል፤ ደቃቅ፣ ጥልቀት የሌለው፣ የተመነቸከ። አይታችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ 1.2 አዝዛችሁ 0.6 የሚመስል ነገር ተሰጥቷችኋል።

ስለዚህ የብረቱ ዙሪያ በፒቹ ሲካፈል ሙሉ ቁጥር እንዲሰጥ ውፍረቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። በተጨማሪም ተጭኖ የሚወጣ ነርል ብረቱን አይቆርጠውም፤ ይገፋዋል። የተገፋው ብረት ወደ ላይ ይወጣል፣ ዕቃው ያብጣል። ለቀጥታ መስመር እብጠቱ የፒቹ 0.5 ያህል ነው። ወደ ውጭ ለወጣ ዳይመንድ 0.67፣ ወደ ውስጥ ለገባው 0.33።

በቁጥር እንየው። ሲያልቅ 25 ሚሊሜትር የሚሆን እጀታ ተፈለገ፣ ፒቹ 1.0። በቀጥታ መስመር ከሆነ መጀመሪያ 24.5 አወጣዋለሁ። ዙሪያው 24.5 ሲባዛ በ3.1416፣ 76.97 ይሆናል። 77 ጥርስ ማለት ነው፤ ምንም ማስተካከል አያሻውም። ወደ ውጭ የወጣ ዳይመንድ ከሆነ መነሻው 24.33 ነው። ዳይመንዱ 30 ዲግሪ ስለሚያዘነብል በዙሪያው ላይ የሚለካው ፒች 1.0 ሳይሆን 1.155 ነው። 76.43 ለ1.155 ሲካፈል 66.2 ይመጣል። ይህ ሙሉ ቁጥር አይደለም። ለ66 ጥርስ የሚስማማው ውፍረት 24.26 ነው። ሰባት መቶኛ ሚሊሜትር እቀንሳለሁ። ያቺ ትንሽ ቅናሽ ናት ሥራውን የምታሳምረው።

ስሌቱን ሠርቼም ቢሆን ሙሉ አልጫንም። ሮለሩን ቀስ ብዬ አስነካለሁ፣ ብረቱን በእጄ አንድ ዙር አዞረዋለሁ፣ ባትሪ አብርቼ አየዋለሁ። ጥርሱ ነጠላ ከሆነ እቀጥላለሁ። ድርብ ከሆነ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ላግ አድርጌ እንደገና እሞክራለሁ። አንዴ በጥልቅ ከተመታ በኋላ ግን መመለሻ የለውም።

መጫን ወይስ መቁረጥ?

እስካሁን ያወራሁት ስለሚጫነው ነው፤ እዚህ አገር አብዛኛው ቶርኖ ቤት ያለውም እሱ ነው። ሮለሩ ፍቅፋቂ እያወጣ የሚቆርጥበት ሌላ መያዣም አለ። በሱ ዕቃው ብዙም አያብጥም፣ ብረቱም አይጨነቅም። ቀጭን ቱቦ ከሆነ ይህን ፈልጉ። በመጫን ቱቦው ይጨፈለቃል፤ ካልሆነ ውስጡ ልክ የሚገባ ድፍን ብረት መክተት ነው። ካስት አይረንም ሲጫኑት ይፈረፈራል እንጂ አይገፋም።

ነሐስ ከሁሉም ይመቻል። አልሙኒየም ሮለሩ ላይ ይጣበቃል፤ ላምባ እያፈሰስኩበት ነው የምሠራው። ስታንለስ የሚፈራ ነው። በተነካ ቁጥር ይጠነክራል። ቀስ ብዬ ልሂድበት ካላችሁ ጥርሱ ሳይወጣ ብረቱ እንደ ድንጋይ ይሆንባችኋል። ወፍራም ዘይት፣ ጠንካራ ድጋፍ፣ በአንድ ጊዜ ወደሚፈለገው ጥልቀት። ተራ ብረትን በደቂቃ 20 ሜትር ገደማ እነዳዋለሁ፤ 25 ሚሊሜትር ብረት ከሆነ 250 ዙር። ረዘም ያለ ዕቃ ጫፉ በሴንተር፣ በቶርኖው ሹል መደገፊያ፣ ካልተደገፈ ይገፋል፣ ጥርሱም ባንድ በኩል ጥልቅ፣ በሌላው ስስ ይሆናል።

ለማሠራት ስትሄዱ

«ነርል አድርግልኝ» ብላችሁ አትሂዱ። ወረቀት ላይ አምስት ነገር ጻፉ፦ ዓይነቱን፣ ዳይመንድ ከሆነ ጫፉ ወደ ውጭ ወይስ ወደ ውስጥ መሆኑን፣ ፒቹን፣ ጥርሱ የሚሸፍነውን ርዝመት፣ እና ሲያልቅ የሚኖረውን ውፍረት። ፕላን የያዘ ሰው አርኤኤ 0.8 ወይም አርጂኢ 1.0 የሚል ሊያይበት ይችላል። የመጀመሪያው ቀጥታ መስመር፣ ሁለተኛው ወደ ውጭ የወጣ ዳይመንድ ነው። አርጂቪ ካለ ደግሞ ወደ ውስጥ የገባው ነው፤ ዱቄት የማይደርስበት ቦታ መሆኑን አረጋግጡ። ጠርዙ በ45 ዲግሪ ይሰበር ብላችሁ ጨምሩ፣ አለዚያ የመጨረሻው ጥርስ እጅ ይሰነጥቃል። ሌላ ነገር ውስጥ ተገፍቶ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የሚገባበትንም ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ቀዳዳውን በካሊፐር እኔው ለክቼ ልጀምር።